አትወጣም ያሉት ሼፍ

ሂሩት ደውላ «አባዬ ዐረፈ» ስትለኝ ሥራ ላይ ነበርኩ። ሁለታችንም የምንሠራው ስቶኮልም አጠገብ ሱንድቢበሪ ባለ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ነው። ያን ሰሞን እሷ ሆስፒታል አባቷ አልጋ አጠገብ ስለነበረች የእሷንም ክፍሎች የያዝኩት እኔ ነኝ። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መካከል አጣብቄ የአንዲት ስዊድናዊት ባልቴት ካልሲ እያጠለቅኩ ነው መርዶውን የሰማሁት። ባልቴቷ ፊቴን አይተው «ማን ሞተብሽ?» አሉኝ። «አንድ የባቡር ሼፍ» አልኳቸው። «ትልቅ ሥራ ነው» ብለው ሌላውን እግራቸውን ዘረጉልኝ። እያለቀስኩ ካልሲውን አጠለቅኩላቸው።

ሼፍ ያልኩት ከአፌ አምልጦኝ አይደለም። የሂሩት አባት ጋሽ ይርዳው ሌላ ማዕረግ አይወዱም ነበር። የሥራ ዘመናቸውን የጨረሱት ድሬዳዋ፣ በባቡሩ የጥገና ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ባቡሩን ያመጡት ፈረንሳዮች ስለነበሩ እዚያ የሥራው ቋንቋ ሁሉ የፈረንሳይ ነው፤ አለቃ ማለትም ሼፍ ነው። እሳቸው የሎኮሞቲቭ ፍተሻ ሼፍ ነበሩ። ባቡር ከጣቢያ ከመነሣቱ በፊት ሆዱንም ጎኑንም አይተው «ትወጣለች» ወይም «አትወጣም» የሚሉት እሳቸው ነበሩ። ሂሩት ስቶኮልም ስታመጣቸውም በዚህ አልተቸገሩም፤ ስዊድኖችም አለቃን ሼፍ ነው የሚሉት። ግራ የተጋባነው እኛው ነን። ለአዲስ አበባ ልጅ ሼፍ ማለት ነጭ ኮፍያ ያደረገ የሆቴል ምግብ አብሳይ ነው።

ቤተ ክርስቲያን በመጡበት የመጀመሪያው እሑድ የኮሚቴው ሊቀመንበር አቶ ሰለሞን ወንበር ስቦላቸው «አባታችን፣ አገር ቤት ሥራዎ ምን ነበር?» አላቸው።

«ሼፍ ነበርኩ።»

«የት?»

«ድሬዳዋ። ባቡር ላይ።»

አቶ ሰለሞን ዓይኑ በራ። የንግሥ በዓሉ ሊደርስ ነው፤ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ ወጥ የሚሠራልን አጥተን ተጨንቀናል። «ለመሆኑ ምን ያህል ሰው ያስተናግዱ ነበር?» አለ።

«እንደ ባቡሩ ነው» አሉ ጋሽ ይርዳው፣ «አንዳንዴ ጣሪያው ላይ ሳይቀር ሰው ይጫናል።»

በዚያው የበዓሉ ወጥ ቤት ኃላፊ ተደረጉ። እሳቸውም አልገረማቸውም። የጋዝ ምድጃውን የሚያይ ሰው ፈልገው ነው ብለው ገምተዋል፤ የጋዝ ምድጃ ደግሞ እሳት አለበት፣ ቧንቧ አለበት፣ ስለዚህ በእሳቸው ዓይን የሼፍ ሥራ ነው።

በበዓሉ ዋዜማ የተከራየነው አዳራሽ ውስጥ እኛ ሴቶቹ ሽንኩርት ስንከትፍ ጋሽ ይርዳው ሰማያዊ ቱታ ለብሰው፣ ትንሽ መዶሻ በኪሳቸው ሰክተው ገቡ። አንዷ «ሼፉ መጡ» አለች። ሌላዋ ቱታውን አይታ «የድሬ ሼፍ እንደዚህ ነው እንዴ የሚለብሰው?» ብላ በጆሮዬ አንሾካሾከችልኝ። ድስቶቹን አልፈው ቀጥ ብለው ወደ ትልቁ የጋዝ ምድጃ ሄዱ። ጎንበስ ብለው ቧንቧውን በጣታቸው ዳሰሱ። ሳሙና በውሃ በጥብጠው ቀቡት። አንድ ቦታ ላይ አረፋው መኩረፍ ጀመረ። ቀና አሉና «አትወጣም» አሉ።

በዚያች ቅጽበት አቶ ሰለሞን ወደ በሩ እየሄደ ነበር። ክው ብሎ ቆመ። «እኔን ነው?» አለ። «እንግዶች ልቀበል እኮ ነው የምወጣው።»

«አንተማ ውጣ። ምድጃዋን ነው።»

ከዚያ ሲሊንደሩን ዘጉ፤ መክፈቻውን ኪሳቸው ከተቱ። አቶ ሰለሞን ለመነ፣ ቄሱ ለመኑ፣ ሴቶቹም ተራ በተራ ለመኑ። አዲስ ቧንቧ የሚሸጠው ሱቅ ደግሞ ያን ሰዓት ተዘግቷል። ጋሽ ይርዳው ግን ወንበር ስበው ከእኛ መሃል ተቀመጡና ቢላ አንስተው ሽንኩርት መክተፍ ጀመሩ። ሽንኩርት አከታተፋቸው ለጉድ ነበር። የበዓሉ ዕለት ወጡ ከየቤታችን በኤሌክትሪክ ምድጃ ተሠርቶ፣ ፔንደልቶግ በሚሉት የከተማ ባቡርና በአውቶቡስ ተጭኖ፣ ቀዝቅዞ ደረሰ። ሕዝቡ እያጉረመረመ በላ። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው አይቼ ስለማላውቅ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ነበር።

ያልሳቀችው ሂሩት ናት። ዕቃ ማጠቢያው ጋ ቆማ «አትሳቂ» አለችኝ። «አባዬ ሁሌም እንዲህ ነው። የእናቴም ክንድ የቀረው በዚህችው ቃሉ ነው።» ያን ዕለት ነው ታሪኩን የነገረችኝ፤ እጇ ሳሙና ውስጥ እንደተነከረ፣ ቀና ብላ ሳታየኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ድሬዳዋ በከባድ መሣሪያ ትደበደብ ነበር። ሴቶችና ሕፃናት ከቁስለኞች ጋር በባቡር ወደ አዋሽ እንዲሸሹ ታዘዘ። በጅቡቲ በኩል ያሉት ድልድዮች ሲፈርሱ የናፍጣ ሎኮሞቲቮቹ ማዶ ስለቀሩ ባቡሩን የምትስበው ከዓመታት በኋላ ከመጋዘን የወጣች አሮጌ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ናት። ሂሩት ገና የወተት ጥርሷ ያልወለቀ ልጅ ነበረች። ከእናቷ ከእትዬ ዘነበች ጋር ፉርጎ ውስጥ ተሳፍራለች። እንፋሎቱ ደርሷል፣ ነጂው ቦታው ላይ ነው፣ ሰው ሁሉ መሄጃውን ይጠብቃል። ጋሽ ይርዳው ከሎኮሞቲቯ ሥር ወጡና «አትወጣም» አሉ።

ኃላፊው መቶ አለቃ ጮኸባቸው፤ ሽጉጡንም መዘዘ። «አንተ ባትፈቅድ ሌላ ሰው ያስነሣታል» አለ። ጋሽ ይርዳው ረጅሙን የብረት መጎተቻ አንስተው የምድጃውን ፍም ጠራርገው ሐዲዱ ላይ አፈሰሱት። እሳት የሌላትን የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ንጉሥም ቢያዝዛት አትንቀሳቀስም። ሂሩት ፍሙ ሐዲዱ ላይ ሲፈስና አባቷ ጀርባቸውን ሰጥተው ሲጎትቱ በፉርጎው ቀዳዳ አይታለች። ሕዝቡ ጣቢያው ላይ አደረ። ሊነጋጋ ሲል የከባድ መሣሪያ ጥይት አጠገባቸው ወደቀ፤ ፍንጣሪው የእትዬ ዘነበችን ግራ ክንድ አገኘው። ባቡሩ ተጠግኖ ረፋዱ ላይ ወጣ። ክንዱ ግን ሆስፒታል ከክርን በታች ተቆረጠ።

«ከዚያ ወዲህ እናቴ ጸጉሬን ሠርታኝ አታውቅም» አለችኝ ሂሩት። «ሁሌም ጎረቤት ነው የሚሠራኝ። በአንድ እጅ ሹሩባ አይሠራም።»

ያን ቀን ካወቅኩ በኋላ ነው አባትና ልጅ እንዴት እንደሚኖሩ ማስተዋል የጀመርኩት። ሂሩት በአባቷ ላይ ክፉ አልነበረችም። ሸሚዛቸውን ትተኩሳለች፣ መድኃኒታቸውን ትሰጣለች፣ ክረምት ሲገባ ባለጠጉር ጫማ ትገዛላቸዋለች። ነገር ግን ስለ ባቡር አንድ ቃል አትጠይቃቸውም። እሳቸው ወሬውን ወደዚያ ሲወስዱት ተነሥታ ቴሌቪዥን ትከፍታለች። ጋሽ ይርዳው ከዚህ አገር የፈለጉት ገንዘብም ሰፊ ቤትም አይደለም። የፈለጉት ልጃቸው አንድ ቀን «ለምን?» ብላ እንድትጠይቃቸው ብቻ ነው። «ለምን እርስዎ አይነግሯትም?» ብላቸው «ፈታሽ ሳይጠየቅ ማስረዳት ከጀመረ ምሕረት እየለመነ ነው» አሉኝ። ኩራታቸው እንደዚህ ነበር፤ አንገታቸውን ቢቆርጡት ቀጥ እንዳለ የሚወድቅ።

እኔ ግን እጠይቃቸው ነበር። ስለዚያ ቀን አይደለም፤ እሱ የሂሩት ጥያቄ ነው። ስለ ሥራው ነበር የምጠይቃቸው። የናፍጣዎቹ ማዶ ሲቀሩ አሮጌዎቹን ሎኮሞቲቮች ከመጋዘን እንዴት እንዳወጧቸው ሲነግሩኝ ጀርባቸው ቀና ይላል። ዶሮ እንቁላል ታቅፋባት የነበረችውን የአንዷን ታሪክ አስታውሳለሁ። ዶሮዋን ያስለቀቁት በክብር ነው ይላሉ፤ ጫጩቶቹ እስኪፈለፈሉ ጠብቀው። የድሬ ውሃ ኖራ ስለሚበዛበት ውሃው የሚፈላበት የእንፋሎቱ ጋን ውስጡ እንደ ማንቆርቆሪያ ነጭ ቅርፊት ይይዛል፤ ያን በየጊዜው ፈንቅሎ ማጠብ ነበረባቸው። ዕቃ የለም፣ ሰዉ ግማሹ ግንባር ነው፣ ሰማዩ ላይ ጀት አለ። ጋሽ ይርዳው ግን ጦርነት ነው ብለው አንዲት ብሎን በመዶሻ መትተው ድምፅዋን ሳያዳምጡ አልፈው አያውቁም። «በሰላም ጊዜ ብትበላሽ መንገድ ላይ ትቆማለህ፤ ሌላ ይመጣልሃል» ይሉ ነበር። «በጦርነት ጊዜ ሌላ የለም። ስለዚህ በጦርነት ጊዜ ፍተሻ ይጠብቃል እንጂ አይላላም። መቶ አለቆቹ ይሄን ነው መረዳት ያቃታቸው።»

የድሬ ሰው ስለሆኑ አንቱታ አይወዱም። «እርስዎ ስትይኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ ይመስለኛል፤ አንተ በይኝ» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ሽማግሌን አንተ ብዬ አላደግኩም፤ ምላሴ እምቢ አለ። ኦርቶዶክስ ሆነው «ወላሂ» ይላሉ፤ ቄሱ ፊት ሳይቀር። ቄሱ መጀመሪያ ደነገጡ፤ በኋላ ግን ለመዱት።

ፍተሻውን ጡረታ አላወጡትም ነበር። የልጅ ልጃቸውን የሊያን ብስክሌት፣ የኮንዶሚኒየሙን ሊፍት፣ የእኔን ጃንጥላ፣ ሁሉንም ያያሉ። ሮግስቬድ ሰፈር ቤቴ ሲመጡ መጀመሪያ የሚያዩት እኔን ሳይሆን ማንቆርቆሪያዬን ነው። አንድ ጊዜ ላገባው ያሰብኩትን ሰው አስተዋወቅኳቸው። ጨዋ ነው፣ ዮርድብሩ በሚባል ሰፈር ትልቅ መጋዘን ውስጥ ጥሩ ሥራ አለው፣ ልብሱም ያማረ ነው። ጋሽ ይርዳው አብረውት ሻይ ጠጡ፣ ተጫወቱ፣ ሲሰናበቱት ትከሻውን በቡጢያቸው ቀስ አድርገው መታ መታ አደረጉት። ከሄደ በኋላ ወደ እኔ ዞረው «አይወጣም» አሉ። ተናድጄ ሳምንት ሙሉ አላናገርኳቸውም። ሰውዬውን የተውኩት በእሳቸው ምክንያት አይደለም፤ ሌላ ሚስት አገር ቤት እንዳለችው ስለደረስኩበት ነው።

ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን የፔንደልቶጉ ነገር ነው። ስቶኮልም የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ክረምት ሲመጣና በረዶ ሲወርድ ጣቢያው ላይ ያለው ሰሌዳ «ኢንስቴልት» ይላል፤ ባቡሩ ቀርቷል ማለት ነው። ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ለአለቃው እየደወለ ይራገማል። ሱንድቢበሪ ባቡር መጠበቂያው ላይ ፊቱ የሚፈካው አንድ ሰው ብቻ ነበር። «አየሽ» ይሉኛል አፍንጫቸው በብርድ ቀልቶ፣ «እዚያ ውስጥ አንድ ሰው አትወጣም ብሏል። ይሄ አገር ሰው አለው።» እኔ ሥራ ረፍዶብኝ፣ እግሬ ደንዝዞ፣ አብሬያቸው ሰሌዳውን አያለሁ።

እንግዲህ አንድ በጋ ሂሩት ሳይታሰብ ደስ አሰኘቻቸው። ከከተማ ወጣ ብሎ በበጎ ፈቃደኞች የሚንቀሳቀስ አሮጌ የእንፋሎት ባቡር እንዳለ ሥራ ቦታ ሰማን። ልጆችን በየሳምንቱ መጨረሻ ጭኖ በጫካው መሃል ያዞራቸዋል። ሊያ ፎቶውን አይታ መሄድ አለብኝ አለች። ሂሩት ለልጇ ብላ ተስማማች፤ አባቷንም መተው አልሆነላትም። እኔንም ጨመረችኝ፤ ብቻዋን ከአባቷና ከባቡር ጋር መዋል ፈርታ ይመስለኛል።

ጋሽ ይርዳው ኮትና ከረባት አድርገው መጡ። ትንሿ ጣቢያ ስንደርስ ሎኮሞቲቯ ጥቁርና አረንጓዴ ተቀብታ፣ ናሷ አብለጭልጮ፣ ቆማለች። እንፋሎት ግን የለም። ጋሽ ይርዳው ከሩቅ አይተው ከረባታቸውን አስተካከሉ። ብዙ ሳንቆይ ጆሮው ጥቀርሻ የነካው፣ ቱታ የለበሰ ቀጭን ስዊድናዊ ሽማግሌ ወጣና ይቅርታ ጠየቀ። ጠዋት ሲፈትሹ ጋኑ ላይ ያላማራቸው ነገር አግኝተዋል፤ ዛሬ አትሄድም። ልጆች አለቀሱ። ወላጆች ትንሽ ተነፈሱና ቋሊማ ሊገዙ ተሰለፉ። ሊያም በስዊድንኛ «ታስጠላለች» ብላ ሰልፉን ተቀላቀለች።

ጋሽ ይርዳው ቀጥ ብለው ወደ ሰውዬው ሄዱ። «ሼፍ?» አሉት ጣታቸውን እየጠቆሙበት። «ሼፍ» አለ ሰውዬው ራሱን እየነቀነቀ። ጋሽ ይርዳው ደረታቸውን መታ አድርገው «ሼፍ። ድሬዳዋ» አሉት። ሰውዬው ድሬዳዋ የት እንደሆነ አላወቀም፤ የገባው ነገር ግን አለ። በያዘው መዶሻ ሐዲዱን መታው፤ ጠርቶ ጮኸ። ከዚያ የእንጨቱን አግዳሚ መታው፤ ድፍን አለ። ወደ ሎኮሞቲቯ ምድጃ አመለከተና ድፍኑን ድምፅ በአፉ ደገመው። ጋሽ ይርዳው እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው ወዘወዙት። ሁለቱም ሽማግሌዎች ሳቁ።

ሂሩት ከአጠገቤ ተነሥታ ሄደች። ተከተልኳት፤ ፊቷ ደህና አልነበረም።

«ዛሬም ደስ አለህ አይደል?» አለች። «ባቡር ሲቀር፣ ሕፃን ሲያለቅስ ደስ ይልሃል።»

ጋሽ ይርዳው ሳቃቸው ከፊታቸው ጠፋ። «ሕፃን ሲያለቅስ አይደለም» አሉ።

«እና ምን ሲሆን ነው? ያን ቀን እሳቱን ስትጎትተው አይቼሃለሁ። ዞር ብለህ እንኳ አላየኸንም። ለምን? እስቲ ለምን እንደሆነ ንገረኝ።»

ጥያቄው መጣ። ከድሬዳዋ እስከ ስቶኮልም የጠበቁት ጥያቄ በቁጣ ነው የመጣው። እኔ ላያቸው አልፈለግኩም፤ ሊያን ላምጣ ብዬ ልሄድ ስል ጋሽ ይርዳው «አንቺም ቁጭ በይ፤ ሚስጥር የለውም» አሉኝ። አግዳሚው ላይ ተቀመጥን።

«እሳቱ ያለበት ሳጥን ከውስጥ ነው» አሉ። «ዙሪያውን የፈላ ውሃ ነው። ሁለቱን ብረት አጥብቀው የያዙት ብሎኖች ናቸው። እያንዳንዱ ብሎን ጫፉ ላይ ቀጭን ቀዳዳ አለው፤ ውስጡ ከተሰበረ በዚያ ቀዳዳ ውሃ ያለቅሳል። ያን ቀን እንፋሎቱ ሲሞላ ጎን ለጎን ያሉት ሲያለቅሱ አየሁ። መታኋቸው። አሁን የሰማሽውን ድፍን ድምፅ ሰጡኝ። አንድ ብሎን ቢሰበር ጎረቤቱ ይሸከምለታል። ጎረቤታሞች ከተሰበሩ ብረቱ ዳገት ላይ ይከፈታል። ያኔ የፈላ ውሃው ነጂውን ይቀቅለዋል፤ ሎኮሞቲቯ ከሐዲድ ትወጣለች፤ የመጀመሪያዋ ፉርጎ ላይዋ ላይ ትወጣለች። የመጀመሪያዋ ፉርጎ ውስጥ ያላችሁት እናንተ ናችሁ። ለዓይኔ ትቅረቡኝ ብዬ እዚያ ያስቀመጥኳችሁ ራሴ ነኝ።»

«ባትፈነዳስ ኖሮ?» አለች ሂሩት።

«ባትፈነዳ የእናትሽ ክንድ ይተርፍ ነበር።»

«ታውቀዋለህ ማለት ነው።»

«ከእንቅልፌ ስነቃ ሁሌ አውቀዋለሁ። ያልዞርኩት ለዚህ ነው። ዞሬ ባያችሁ እጄ ይዝል ነበር።» መዳፋቸውን ዘርግተው ቀጠሉ። «ብሎኖቹን ስንፈታቸው መዳፌ ላይ ተሰባበሩ። እናትሽ ሆስፒታል ሆና አንድ ጊዜ ጠይቃኛለች። ልክ ነበርክ? አለችኝ። ልክ ነበርኩ አልኳት። እንግዲያው በቃ፣ ሁለተኛ እንዳታነሣብኝ አለችኝ። እሷ ጠየቀች፤ ነገርኳት። አንቺ ደግሞ አልጠየቅሽኝም።»

«ልጅ ነበርኩ እኮ፣ አባዬ።»

«ልጅ ነበርሽ። ከዚያ ግን አደግሽ።»

«ኩሩ ነህ» አለች ሂሩት።

«ኩሩ ነኝ» አሉ ጋሽ ይርዳው። «እሱ ባይኖረኝ ያን ቀን መቶ አለቃውን እሺ እለው ነበር።»

ከዚያ ሂሩት አለቀሰች። አባቷም አላባበሏትም፤ ኮታቸውን አውልቀው ጭኗ ላይ አደረጉላት፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አይገባኝም፤ ሙቀት ነበር። ሊያ ቋሊማዋን ይዛ ስትመጣ እናቷን አየችና «ሞርፋር ምን አደረገሽ?» አለች በስዊድንኛ፤ ሞርፋር የእናት አባት ማለት ነው። ሂሩት ዓይኗን ጠረገችና «ምንም፤ ሥራውን እያስረዳኝ ነው» አለቻት። ወደ አባቷ ዞራም «ድምፁን እስቲ አሰማኝ» አለች።

ጋሽ ይርዳው ከስዊድናዊው መዶሻውን ተዋሱ። ሐዲዱን መቱት፤ ከዚያ አግዳሚውን። ሂሩት ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። «ድገመው» አለች። ደገሙላት። ሰልፍ ላይ ያሉት ሰዎች እየዞሩ ያዩን ነበር፤ እኔ ግን በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አብሬው በመሆኔ የኮራሁበት ሰው የለም።

ከዚያ በኋላ የኖሩት ብዙ አይደለም፤ የኖሩት ግን ልጃቸው እየጠየቀቻቸው ነው። እራት ላይ ስለ ጋን አጠባ ሲያወሩ እሰማ ነበር። ሥራ ቦታ እንኳ ሂሩት የአረጋውያኑን ማንሻ መሣሪያ ሳትፈትሽ ማንንም አታነሣም፤ አንዴ የላላ ነገር አይታበት ቀይ ወረቀት ለጠፈችበት። አለቃችን ሲነጫነጭ ወገቧን ይዛ ቆመች። ያኔ ማንን እንደመሰለች ለእኔ መንገር አያስፈልግም ነበር።

የለቅሶው ዕለት አዳራሹ ሞላ። ያ የቀዘቀዘ ወጥ የበላው ሕዝብ ሁሉ መጥቷል። አቶ ሰለሞን የሕይወት ታሪካቸውን ሊያነብ ወጣ። ደግ ሰው ነው፤ ከየሰዉ ጠያይቆ፣ ቃሉን አሳምሮ ነው የጻፈው። «በጦርነቱ ወቅት» እያለ በወፍራም ድምፁ አነበበ፣ «ከባድ መሣሪያ በሚዘንብባት ድሬዳዋ፣ ሴቶችንና ሕፃናትን የጫነውን ባቡር ለሕይወታቸው ሳይሳሱ በቆራጥነት ያወጡ—»

ሂሩት ጥቁሯን ለብሳ ከፊት ወንበር ተነሣች። «ይቅርታ፣ አቶ ሰለሞን» አለች። «አላወጣም። ከለከለ።»

አቶ ሰለሞን ወረቀቱን አየ፤ ከዚያ ቄሱን አየ። «እንደዚያ ካልን... ሰው በክፉ እንዳይተረጉመው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እኔ እዚያ ባቡር ላይ ነበርኩ» አለች ሂሩት። ድምፏን ዝቅ አላደረገችም። «እናቴም ነበረች። የመጀመሪያዋ ፉርጎ ውስጥ። ሽጉጥ ተመዝዞበት ከለከለን። እኔ ዛሬ እዚህ የቆምኩት ስለከለከለን ነው። እንደዚያ ብለህ አንብበው።»

አቶ ሰለሞን ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ፤ «ያወጡ» የምትለዋን ቃል ሰርዞ በላይዋ «የከለከሉ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና ሁሉም እንዲሰማ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና አነበበው።